የተሰረቀ ዘበኛ

በዚህ ወር አምዳችን ከወላጆችም ከተማሪዎችም ተደጋግሞ ወደሚቀርብልን አንድ ጥያቄ እንዞራለን። ይኸውም «የቤታችን ኮምፒዩተር ቫይረስ ገብቶበታል፤ ምን እናድርግ? የትኛውንስ አንቲቫይረስ እንጫን?» የሚል ነው። ጥያቄው ለባለሙያ ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን ቀረብ ብለን ስናየው ግማሹ የቤተሰብ፣ ግማሹ ደግሞ የሐላልና የሐራም ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሁምቦ ጠበላ፣ ኮምፒዩተር ያለበት ቤት ቢገኝ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው። በዚያች አንዲት ላፕቶፕ ላይ የትልቁ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእኅቱ የኒካሕ ፎቶግራፎች፣ የአባት የንግድ ሒሳብና ከጀመዓው በፍላሽ የተገለበጠ የቁርኣን ቂርኣት አብረው ይኖራሉ። ፍላሹ ደግሞ ከቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ጓደኛ ቤት ሲመላለስ ይውላል። ቫይረሱ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር የተባለው ተባይ ከተሰራጨባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፈተው የዊንዶውስ አሠራር ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በር በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ የዘጋው በ2011 ነው። ዛሬ በራሱ የሚከፈት ነገር ጥቂት ነው፤ የሚከፍትለት የእኛው እጅ ነው።

ወደ ማጽዳቱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር እናስቀድም። በቫይረስ ምክንያት በቤተሰብ መካከል የሚደርሰው ጉዳት አንዳንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከሚደርሰው ይብሳል። በምናውቀው አንድ ቤት በዒድ ማግስት እንግዶች ተሰብስበው ፎቶግራፍ ሲመለከቱ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ከታች አሳፋሪ የሴት ምስል ያለበት ማስታወቂያ ብቅ አለ። አባት ደነገጠ፤ እንግዶችም አንገታቸውን ደፉ። ማታውን የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ «ምን ስትመለከት ነው የምታመሸው?» ተብሎ ተመረመረ፤ ቢምልም የሚያምነው አጣ። ለሳምንታትም ከአባቱ ጋር ሳይነጋገሩ ቆዩ። ኮምፒዩተሩ ሲፈተሽ የተገኘው ግን እንዲህ ነበር። ልጁ ነሺዳ ለማውረድ ሲፈልግ አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ተጫን» ብሎት ተጭኗል። በዚያች አንዲት ጭነት ያ ገጽ በፈለገው ሰዓት ማስታወቂያ የመላክ ፈቃድ አገኘ። ልጁ ከዚህ በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም።

ይህ ዓይነቱ ነገር በጥብቅ ቋንቋ ቫይረስ አይደለም፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ስለሌለው አንቲቫይረስ ፈትሾ ላያገኘው ይችላል። መፍትሔው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያም ኖቲፊኬሽንስ የሚለውን ከፍቶ የማናውቃቸውን ስሞች ሁሉ ማስወገድ ነው። እግረ መንገድን ኤክስቴንሽንስ የሚለውን አይቶ ማንም እንደጫነው የማይታወቀውን መሰረዝ ይገባል። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን ከማመን በፊት ማጣራትን ታዛለች፤ ከመጥፎ ጥርጣሬና ከመሰለልም ትከለክላለች። የስክሪን ወሬም ወሬ ነው፤ ልጅን ከመወንጀል በፊት ይህን ዝርዝር መክፈት ይቀድማል። (ልጁ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለው ራሱን የቻለ ርእስ ነውና ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።)

ሁለተኛው በሽታ በአካባቢያችን «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ፍላሹ ሲከፈት በፎልደሮቹ ቦታ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ ይታያሉ፤ ወይም ባዶ ይሆናል። ሰው ደንግጦ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ከዚያም «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ፎቶግራፉ ሁሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይጠፋል። ቫይረሱ ግን አንድም ፎቶግራፍ አልሰረዘም ነበር! ያደረገው ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ መሰወር፣ አንዳንዴም ስም ወደሌለው ፎልደር ማዛወር፣ በየቦታቸውም በስማቸው የሚጠራ አታላይ ምልክት ማኖር ነው። ምልክቱ ሲጫን መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሣል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ባለቤቱም የጎደለ ነገር ስለማያይ አይጠራጠርም።

የሁምቦ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ተራራውን ማየት ይበቃዋል። የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ ዛፍ የሚባል ጠፍቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ2,728 ሔክታር ላይ ሲሠሩ አብዛኛውን ደን የመለሱት ችግኝ በመትከል አልነበረም። ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩትን ጉቶዎች ከከብትና ከምሳር ጠብቀው፣ የሚያቆጠቁጠውን ቅርንጫፍ እየመለመሉ አሳደጉት እንጂ። ሥራውም በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር ተመዘገበ። ዛፉ የጠፋ መሰለ እንጂ ሥሩ ነበረ። ያን መሬት ጠፍቷል ብሎ በትራክተር የገለበጠው ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ሥሩም በጠፋ ነበር። ፎርማት ማለት ያ ትራክተር ነው።

ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት ከማድረግ በፊት ንጹሕ በሆነና አንቲቫይረሱ በነቃ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ። ምልክቶቹን ሳንጫን በመጀመሪያ ፍላሹ ይፈተሽ። ቀጥሎም ቪው ከሚለው ውስጥ ሂድን አይተምስ የሚለውን ማብራት፣ በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ የሲስተም ፋይሎችን ሰውር በሚለው ላይ ያለውን ምልክት ማንሣት ነው። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። በውስጣቸው ያሉትን ፎቶግራፎችና ጽሑፎች ብቻ ወደ አዲስ ፎልደር መገልበጥ፣ ከዚህ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ሲታመምስ? ኢንተርኔቱን ማቋረጥና ሌላ ፍላሽ አለመሰካት ይቀድማል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ በውስጡ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አብሮ ተሠርቶለታል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን ከፍተን፣ መረጃውን አድሰን፣ ፉል ስካን የሚለውን እናዛለን፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያም ኦፍላይን ስካን የሚለውን እንመርጣለን። ይህኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነሥቶ፣ ዊንዶውስ ሳይነሣ ቫይረሱም ሳይነቃ የሚፈትሽ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መብራት እንደሚቋረጥ እያወቅን ባትሪው ሳይሞላ መጀመር የለብንም። ዲፌንደር አልከፈት ካለ ወይም ባበራነው ቁጥር ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ፣ ይህ ራሱ ቫይረስ ለመኖሩ ትልቅ ምልክት ነው። ያን ጊዜ በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር የማይክሮሶፍትን ሴፍቲ ስካነር በነፃ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ከወረደበት ቀን አንሥቶ የሚሠራው ለአሥር ቀን ብቻ ስለሆነ የአምናው አያገለግልም። ማልዌርባይትስ የተባለውም በነፃው ዓይነቱ ይፈትሻል ያጸዳል፤ ቀንና ሌት አይጠብቅም እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ከተጸዳ በኋላ ቫይረሱ በሳምንቱ ይመለሳል። ለምን? በዲፌንደር ሴቲንግ ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚባል ዝርዝር አለ። ትርጉሙ «እነዚህን ቦታዎች አትፈትሽ» ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ዝርዝር ከፍቶ አያውቅም፤ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ አይገኝም። የጻፈው ዊንዶውሱን የጫነው ባለሙያ፣ ወይም ባለሙያው የተጠቀመበት ክራክ ነው።

ክራክ ማለት ገንዘብ ያልተከፈለበት ፕሮግራም የተከፈለበት መስሎት እንዲሠራ የሚያታልል ቁራጭ ፕሮግራም ነው። ክራኩ ሥራውን እንዲሠራ አስቀድሞ ዘበኛው መተኛት አለበት። ስለዚህ «አንቲቫይረሱን ለጊዜው አጥፉት» ይባላል፤ ይጠፋል፤ ከክራኩ ጋር ምን እንደገባ የሚያይ የለም። ከሁሉ የሚገርመን ግን የአንቲቫይረሱ የራሱ ክራክ ነው። ቤቱን ከሌባ እንዲጠብቅለት ዘበኛ የፈለገ ሰው ዘበኛውን ከሌባ ገበያ ገዛው፤ ሊያስገባውም በሩን በገዛ እጁ ከፈተለት። ይህ ዘበኛ ለማን ያድራል?

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ስቶፕ በሚል ስም የሚታወቀው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዋነኛነት የተሰራጨው በክራክ ውስጥ ተሸሽጎ ነው፤ ያጠቃውም ባንክና ፋብሪካን ሳይሆን እንደኛ ያለውን የቤት ተጠቃሚና ተማሪ ነው። ፎቶግራፉን፣ ጽሑፉን ሁሉ ቆልፎ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ 490 ይልለታል። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ለ148 ዝርያዎቹ ነፃ መክፈቻ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዝርያዎች ግን አብዛኞቹ በዚህ አይከፈቱም። አንቲቫይረስ ቫይረሱን ሊያስወጣ ይችላል፤ የተቆለፈውን ግን አይከፍትም። የደረሰበት ሰው ከመክፈሉ በፊት የአውሮፓ ፖሊስና አጋሮቹ ከ2016 ጀምሮ ያቋቋሙትን ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ ይመልከት፤ መክፈቻ ካለ በነፃ ይገኝበታል።

የቫይረስና የተሰረቀ ፕሮግራም ዝምድና ከመጀመሪያው አንሥቶ ያለ ነው። ለአይ ቢ ኤም ዓይነት የግል ኮምፒዩተሮች የመጀመሪያው የሚባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራው በፓኪስታን ላሆር ከተማ ነው። ሠሪዎቹ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ኮምፒዩተር ነጋዴዎች ነበሩ። እነርሱ እንደሚሉት ዓላማቸው ለሐኪሞች የሠሩትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የሚገለብጡትን መከታተል ነበር። ብሬይን በተባለው በዚህ ቫይረስ ውስጥ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልካቸውን ጽፈው፣ መድኃኒቱን የፈለገ እንዲደውልላቸው አሳሰቡ። ስልኩ ከአሜሪካ ሳይቀር ይጮህ ጀመር። ቫይረሱ ሌባውን ብቻ መርጦ የሚይዝ አልነበረምና ዲስኩ በደረሰበት ሁሉ ገባ። ንብረታቸው ያለ ፈቃድ ተወስዷል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሸሪዓችን ጉዳትን ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ በሚወድቅ ጉዳት መመለስን አይፈቅድም። ዛሬ በአገራችን እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አውቆ የሚያሰራጭ ሰው በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይጠየቃል።

«የፈረንጅ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ምን ይጎድልበታል?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። መቀመጫው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 በኩዌት ባደረገው አምስተኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና እነርሱን መዳፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። የባለቤቱን ሃይማኖት ለይቶ አላስቀመጠም። ለግል ችግር፣ ለትምህርትና ያለ ትርፍ መገልበጥን በተመለከተ ቀለል ያለ አስተያየት ያላቸው ዑለማእ መኖራቸውን እናውቃለን፤ የደሀ ተማሪን ችግርም አንክድም። ለቤት የሚመረጠው ግን ጥርጥር የሌለበት መንገድ ነው እንላለን። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል።

ደግሞስ ብዙዎቻችን የምንሰርቀው የገዛ ራሳችንን ንብረት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከፋብሪካ ሲወጡ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ተጭኖባቸው የተሸጡ ላፕቶፖች ፈቃዳቸው በማሽኑ ቦርድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ ቢመጣም እንኳ። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ዊንዶውሱን በነፃ አውርዶ፣ በዚያው በመጀመሪያው ዓይነት መልሶ መጫን ብቻ ይበቃል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያውቃል። ባለሙያው ግን ሆም የተባለውን አንሥቶ ፕሮ የተባለውን በክራክ ይጭናል። ባለቤቱ የከፈለበት ሐላል ፈቃድ ቦርዱ ውስጥ ተኝቶ፣ በተሰረቀው ይሠራል! ስለዚህ ላፕቶፕ ወደ ጥገና ስንወስድ «አብሮት በመጣው ዓይነት ጫንልኝ፤ ክራክ አልፈልግም» ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን የራሳችንን ጽሑፍና ፎቶግራፍ በሌላ ዕቃ ላይ መገልበጥ አይዘንጋ። ፕሮግራሞቹንና ክራኮቹን አብረን ከገለበጥን ግን ምንም አልሠራንም። በክራክ ከሚገቡት ተባዮች መካከል የይለፍ ቃል ሰራቂዎች ስላሉም የኢሜይልና የቴሌግራም ይለፍ ቃሎችን ከንጹሕ ስልክ መቀየር ይገባል።

እንግዲህ የትኛው አንቲቫይረስ ይመረጥ? ለአንድ ተራ ቤት ዲፌንደር በቂ ነው ብለን እናምናለን። በጀርመን ያለው ኤቪ ቴስትና በኦስትሪያ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባሉት መርማሪዎች ባለፉት ዓመታት ካወጧቸው ውጤቶች እንደሚታየው ዋጋ ከሚከፈልባቸው ጋር ተርታ የሚሰለፍ ነው። ገዝቶ መጨመር የፈለገ ይግዛ፤ ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ማሽን ላይ ቀንና ሌት እንዲሠሩ ማድረግ ግን ማሽኑን ከማድከም በቀር አይጠቅምም። የኢንዶኔዥያው ስማዳቭ በፍላሽ ቫይረስ ላይ በርትቶ የሚሠራ ሲሆን፣ የተሠራውም ለዋናው አንቲቫይረስ ረዳት እንዲሆን ነው፤ ብቻውን ዘበኛ አናድርገው። ካስፐርስኪን አሜሪካ በ2024 በአገሯ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ምክንያት ያደረገችው የአገር ደኅንነት ስጋትን ነው።

«ነፃ» ስለሚባሉት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አቫስት በነፃ የሚሰጠውን አንቲቫይረስ የጫኑ ሰዎች በኢንተርኔት የት የት እንደገቡ የሚያሳየውን መዝገብ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ቆይቶ፣ ቅርንጫፉ በ2020 ተዘጋ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። በዚህ መዝገብ ውስጥ የሰው በሽታ፣ እምነትና ችግር ሁሉ ይነበባል። ዘበኛው አልተሰረቀም፤ ግን የቤቱን ምስጢር ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ነፃ ነገር ሲቀርብልን ሠሪው የሚኖረው በምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ካልታደሰ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኢንተርኔት የሌለበት ቤት የዲፌንደርን ማደሻ ፋይል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ሶዶ ላይ አውርዶ በፍላሽ ሊያመጣው ይችላል፤ መጠኑ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከጁምዓ መልስ፣ ለአንዱ ልጅ ኃላፊነት መስጠት ይቻላል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስለተቋረጠ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሳደግ ይገባል። ማይክሮሶፍት በ10 ላይ የዲፌንደርን መረጃ ብቻ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚያድስ አስታውቋል። ማሽኑ አሮጌ ሆኖ 11ን የማይሸከም ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የተባሉት ያለ ክራክ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ሊብሬ ኦፊስ ደግሞ ለጽሑፍና ለሒሳብ ይበቃል። ለጥቂት ቀናት እጅ እስኪለምድ ያስቸግራሉ።

ለፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው ፍላሽ ብቻውን ይሁን፤ የሚታተመው ወረቀት ብቻ ይኑርበት። የኒካሑ ፎቶግራፍና የመመረቂያው ጽሑፍ በሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲገለበጥ ብቻ ይሰካ። የሚታተመው አንድ ገጽ ከሆነ ደግሞ ከስልክ በቴሌግራም ለሱቁ መላክ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ፍላሹ ከቤት አይወጣም።